መኪናችሁን ፈታትተው ስልክ የሚያጠፉ ጋራዦች፦ የድሬ ልጆች ምን ትላላችሁ?

የከዚራ ጥላ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። አቦ ሆዴ አርሯል፣ እዚህ ልተንፍሰው።

ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ። ዘይቷን በጊዜው እየቀየርኩ፣ ሰርቪሷን ሳላሳልፍ የያዝኳት ናት። ሐረር ቤተሰብ ስላለኝ የደንገጎን ዳገት አዘውትሬ እወጣለሁ። በቅርቡ ዳገቱን አጋምሼ ቀይ መብራት በራ። የቪትዝን ነገር ታውቃላችሁ፣ የሙቀት መርፌ የላትም፤ መብራቱ ሲበራ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ዳር ይዤ አቆምኩ፣ እስክትበርድ ጠበቅኩ፣ ውሃ ሞላሁና ቀስ እያልኩ ቁልቁል ተመለስኩ። ከዚያ ሰዎች የጠቆሙኝ ጋራዥ አስገባኋት። ስሙን አልጠራም፣ በውስጥ መስመርም እንዳትጠይቁኝ።

ሜካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ እንኳ አላየም። "ቴርሞስታቱ ነው። ድሬ ላይ ቴርሞስታት ምን ያደርጋል?" ብሎ ነቅሎ ጣለው። ፋኑንም ዳይሬክት አደረገልኝ፤ አሁን ቁልፍ ሳዞር ፋኑ አብሮ ይነሳል። ከፈልኩ፣ ሄድኩ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ፈላች። ስመለስ ወሬው ተቀየረ፤ "ጓርኒሲዮን በልታለች፣ ቴስታታ ይወርዳል።" የሞተሩ የላይኛው ክዳን ወርዶ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ይቀየር ማለት ነው። መቼ ያልቃል? "ነገ ከነገ ወዲያ።" ስንት ነው? "ኧረ አንጣላም።"

ይኸው "ነገ ከነገ ወዲያ" ወር አለፈው። ጠዋት ስደውል "ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚያስተካክሉበት) ነው" ይሉኛል፣ ከሰዓት ስልኩ ዝግ ነው። በአካል ስሄድ ቴስታታው እዚያው ጋራዡ ውስጥ ካርቶን ላይ ተጋድሞ አቧራ ለብሷል። ብሎኖቹ ቲማቲም ጣሳ ውስጥ ናቸው። የሾፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ተለጥጦ ሥሩ በገራባ፣ በጫት ትራፊ፣ ተሞልቷል፤ ለካ መኪናዬን በርጫ ቤት አድርገዋታል። ሬዲዮው እኔ ከፍቼው የማላውቅ ጣቢያ ላይ ነው፣ ባትሪው ሞቷል። ድምፄን ከፍ ሳደርግ አንዱ ረዳት ከመኪና ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ "ወንድሜ፣ ሙቀት ነው፣ ረጋ በል" አለኝ።

ለዕቃ ብለው ቀብድ ወስደዋል። ደረሰኝ የለም፣ ዝርዝር የለም። አሁን ደግሞ "ጨምር" እያሉ ነው።

ብሩ አይደለም ያንገበገበኝ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ያንገበገበኝ እንደ ሰው አለመቆጠሬ ነው። ዕቃ ጠፋ? "ጠፋ" በለኝ። ሥራ በዛብህ? "በዛብኝ" በለኝ። ወደ ሌላ ጋራዥ ልውሰዳት ብል ደግሞ ቴስታታዋ የወረደ መኪና በምን ትሄዳለች? እነሱም ያውቃሉ፤ ቶሎ ብለው የሚፈቱት ለዚህ ይመስለኛል።

እናንተ እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ምን አደረጋችሁ?

ባለ ሦስት እግር፦

ይቅርታ ወንድሜ፣ ገራባው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ።

ባጃጅም ያው ነው። እኔ ሳሠራ ከሜካኒኩ አጠገብ ድንጋይ ስቤ እቀመጣለሁ። ከተነሳሁ የሌላ ሰው ባጃጅ ይጀምራል። ሻይ ቢያምረኝ እንኳ ልጅ ልኬ አስመጣለሁ እንጂ ንቅንቅ የለም። ለባለቤቱ የቀን ገቢ አስገባለሁ፤ ባጃጁ ቢቆምም ገቢው አይቆምም።

እህተ ድሬ፦

እናንተ ወንዶቹ እንዲህ ካላችሁ እኛ ምን እንበል?

ዲኤክስ ነው የምነዳው። የፍሬን ሸራ ላስቀይር ሄጄ ዋጋ ስጠይቅ "ባለቤትሽ ይምጣና እንነጋገር" ተባልኩ። ባለቤቴ መኪና አይነዳም! መንጃ ፈቃድም የለውም። ግን መጣ። ሜካኒኩ ለእሱ ፊት ለፊት ቆሞ ስለ ሸራ፣ ስለ ታምቡር፣ ስለ ፍሬን ዘይት አንድ ሰዓት አስተማረው። እሱም ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ቆይቶ ወደ እኔ ዞር አለና "ምን እያለ ነው?" አለኝ።

የሚያስቀው እስከዚህ ነው። ቀጥሎ ያለው አያስቅም። ሸራው ተቀይሮ ወጣሁ፣ ከተማ ውስጥ ደህና ነበር። በሳምንቱ ከሐረር ስመለስ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል ነካ። ደጋግሜ ስረግጥ ትንሽ ይይዛል፣ ይለቃል። ማርሽ ወደ ሁለት መልሼ በሞተር ያዝኳትና በዳር በዳር ወረድኩ። ልጆቼ ኋላ ወንበር ላይ ናቸው። ለካ መስመሩን ሲፈቱ የገባውን አየር ሳያወጡ ነው የሰጡኝ። ይሄን ለሜካኒኩ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "በፍጥነት ወርደሽ ይሆናል።"

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። መኪናዬን ጋራዥ ከማስገባቴ በፊት ባትሪው፣ ዲናሞው፣ ራዲያተሩ ላይ፣ የማይታይ ቦታ፣ በጥፍር ቀለም ነጥብ አደርጋለሁ። ፎቶም አነሳለሁ። ቤንዚን አይበላውም ብዬ አልምልም ግን እስካሁን አለልኝ። አንድ ጊዜ ባትሪዬ ነጥቡን ጥሎ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ነጥቡን ስጠይቅ ማንም አልተከራከረኝም፣ ባትሪዬ ከጓሮ መጣ።

አሥራ ሦስት ቁልፍ፦

እኔ ጋራዥ አለኝ፣ እዚሁ ድሬ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ።

ገራባው ነውር ነው፣ ክርክር የለውም። አየር ሳያወጡ ፍሬን መስጠት ደግሞ ነውር ብቻ አይደለም፣ ወንጀል ነው። ግን እኛንም ስሙን።

ደንበኛ ይመጣና ኮፈን ሳይከፈት "ስንት ነው?" ይላል። ቴስታታ ሳይወርድ ይጣመም፣ ይሰንጠቅ፣ በምን አውቃለሁ? ዝቅ አድርጌ ተናግሬ በኋላ ከጨመረ ሌባ ነኝ። ከፍ አድርጌ ከተናገርኩ ጎረቤት ጋራዥ ይገባል፣ እዚያ "አንጣላም" ይሉታል፣ ደስ ይለዋል። እውነቱን ልንገራችሁ? "አንጣላም" የምትለዋን ያመጣናት እኛ ብቻ አይደለንም። ደንበኛው ቁጥር መስማት አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ ለማየት ማንም አይከፍልም። "አየኸው እንጂ ምን ሠራህ?" ይባላል። ግማሽ ቀን መርምሬ ችግሩ አንዲት የላላች ሽቦ ብትሆን፣ ያቺን ሽቦ አጥብቄ የሚገባኝን ብጠይቅ ይሰድቡኛል። ትልቅ ነገር ፈትቼ በዘይት ተጨማልቄ ብታይ ግን ያለ ቃል ትከፍለኛለህ። እንግዲህ ሜካኒክ የሚከፈለው በመፍታት ከሆነ ይፈታል።

ዕቃው ደግሞ አለ። "ዕቃውን ራሴ እገዛለሁ" ይልና የማይረባ ጓርኒሲዮን ይዞልኝ ይመጣል፣ በወሩ ሲበላ እኔ ነኝ ተጠያቂ። ሌላው ቀብድ ሳይሰጥ አስፈትቶ ይጠፋል። ግቢዬ ውስጥ ዓመት ያለፋቸው መኪኖች አሉ፣ ጎማቸው ተንፍሶ፣ ድመት ወልዶባቸው። ባለቤቶቹ ስልክ አያነሱም። ስልክ የሚያጠፋው ሜካኒክ ብቻ አይደለም።

ሙቀቱንም አትናቁት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆርቆሮ ሥር ብረት በባዶ እጅ አይያዝም። በዚያ ላይ ሠራተኛ የለም። ልጁ ዘይት መቀየርና ካንዴላ መፍታት እንደቻለ የራሱን ቦታ ይከፍታል። ያንተን ቴርሞስታት የነቀለው ከእነዚህ አንዱ እንደሚሆን እጠረጥራለሁ።

የከዚራ ጥላ፦

አሥራ ሦስት፣ እውነት ብለሃል፣ ብዙው ገብቶኛል። ግን አንዱን መልስልኝ። ስልክ አንስቶ "ገና ነው" ለማለት የትኛው ዕቃ ነው የጠፋው? እኔ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ደውሎ "ተጣሟል፣ ይሄ ተጨምሯል፣ ልቀጥል ወይስ ልተው?" የሚለኝ ሰው ቢኖር እስከ ዛሬ አልናደድም ነበር።

አሥራ ሦስት ቁልፍ፦

እሱ ላይ መልስ የለኝም።

የጀጎል ጎረቤት፦

ከሐረር ነኝ። ወደ መኪናዋ እንመለስ፣ ምክንያቱም የዚህ ሰው ቪትዝ ከመጀመሪያውም ጓርኒሲዮን ላይበላ ይችል ነበር።

"ድሬ ላይ ቴርሞስታት አያስፈልግም" የሚለውን ስሰማ ስንት ዘመኔ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚያግድ በር ነው፤ አብዛኛው የቶዮታ 82 ዲግሪ ገደማ ላይ መከፈት ይጀምራል። ተጣብቆ አልከፈት ካለ አዎ ያፈላል፣ ግን መፍትሔው አዲስ መግጠም ነው። ከነጭራሹ ካወጣኸው ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ የእኛ ሐረር ሌሊት ላይ ደግሞ ጭራሽ ይበርዳል። የመፍላቱ ምክንያት ሌላ ከሆነ እሱም እዚያው ይቆይሃል።

ድሬ ላይ ትልቁ ጠላት ውሃው ነው። የማንቆርቆሪያችሁን ታች እዩት፣ ነጭ ቅርፊት አለ አይደል? ያ የኖራ ዝቃጭ ነው። የቧንቧ ውሃ ራዲያተር ውስጥ በሞላችሁ ቁጥር ያው ነገር በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም፣ ዳገት ስትወጡ ግን ይታወቃል። ኮላንት ወይ የተጣራ ውሃ የሚባለው ለቅንጦት አይደለም።

ሌላው ክዳኑ። ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች 96 ገደማ፣ 2,000 ሜትር አካባቢ ስትደርስ 93 ገደማ ነው። መኪና በዚህ ሙቀት የማትፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው፤ ግፊቱ መፍያውን ከ110 በላይ ይወስደዋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግፊት ያመልጣል፤ ከዚራና ሳቢያን ስትዞር ሰላም ናት፣ ደንገጎ ላይ ትፈላለች። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሹ ምናልባት እሱ ነው፣ ማንም ግን አያየውም። ክዳን በመቀየር የእጅ ስንት ይጠየቃል?

የከዚራ ጥላ፣ ቴስታታ ይውረድ ከመባሉ በፊት ዘይቱን አሳዩህ? ውሃ ከገባበት ወተት የመሰለ ይሆናል። ጭሱ ነጭ ነበር? ሞተሩ በርቶ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይወጣ ነበር? ሦስቱንም ካላዩ በግምት ነው ያወረዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቴስታታው ሲመለስ ብሎኑ በጉልበት አይጠበቅም። ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ ቶርክ በሚለካ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ጋራዡ ውስጥ መኖሩን ጠይቅ። "እጄ ይለካል" ካለህ ዕቃህን ሰብስብ።

ባለ ሦስት እግር፦

"እጄ ይለካል" ሃሃሃ። ይሄን ያላለ ሜካኒክ ካለ ያሳዩኝ።

ችሎት አዳሪ፦

ሕጉን በአጭሩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። አገልግሎት የገዛ ሰው ሸማች ነው፣ ጋራዥም አገልግሎት ነው። ስለሚገዛው አገልግሎት በቂ መረጃ የማግኘት መብት አለህ፣ ለከፈልከው ደረሰኝ የመቀበል መብት አለህ። በአገልግሎቱ ጉዳት ከደረሰብህ ካሳ መጠየቅ ትችላለህ። አቤቱታውን በንግድ ቢሮ በኩል ጀምር። ችግሩ ቀብዱን ያለ ደረሰኝ ሰጥተሃል፤ በቴሌብር ከሆነ ግን መልእክቱን እንዳታጠፋው፣ ማስረጃ ነው።

አሸዋ ሜዳ፦

ችሎት አዳሪ፣ ሕጉ ጥሩ ነው። ድሬ ላይ ግን ማን ማንን ይከሳል? የጋራዡ ባለቤት የአክስትህ ልጅ ጎረቤት ነው፣ ነገ ሠርግ ላይ አንድ ማዕድ ትቀርባላችሁ። እኔ አንዱን ንግድ ቢሮ እከስሃለሁ ብዬው ማታ እናቴ ጋ ሽማግሌ ላከ። እናቴ ለሽማግሌዎቹ ቡና አፍልታ፣ ለሜካኒኩ አዝና፣ እኔን ቆጥታ ሸኘችኝ። መኪናው እስከዛ አልተሠራም።

ችሎት አዳሪ፦

ሽማግሌውንም ተጠቀምበት እንጂ! "በዚህ ቀን ይሠራል" ብሎ እነሱ ፊት ይናገር። ከቢሮ ደብዳቤ ያ ይብሳል።

የሽመንደፈር ልጅ፦

አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው ያረጀው። ከተማችን ራሷ በ1895 ባቡሩ ሲደርስ ከወርክሾፑ ጋር የተወለደች ናት፣ ስለዚህ "ድሬ ባለሙያ የላትም" የሚል ካለ እዚህ ጋ እንጣላለን።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ግቢያችን ውስጥ የሰው መኪና ይሠራ ነበር። ሁለት ነገር አይለቅም። አንደኛ፣ መኪና ሲገባ በደብተር ይጽፋል፤ ባለቤቱ የተናገረውን ሕመም በባለቤቱ ቃል፣ የነዳጁን መጠን፣ ጎማ መለዋወጫና ክሪክ መኖሩን። ከዚያ ባለቤቱን ያስፈርማል። ሰዎች ይስቁበት ነበር፣ "ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ?" እያሉ። ሁለተኛ፣ የቀየረውን አሮጌ ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመልሳል። ኩሽኔታ ከቀየረ አሮጌውን እጁ ላይ ያስቀምጥለትና "አዙረው" ይለዋል። ሰውየው ሲያዞረው ሲንቋቋ ይሰማል፣ አዲሱን ሲያዞር አይሰማም። ከዚያ በኋላ ዋጋ የሚከራከር አላየሁም።

አሁን አሮጌው ዕቃ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ ግማሹ ለቆራሊዮ፣ ግማሹ ተጠርጎ ለሚቀጥለው ደንበኛ። እኔ ጋራዥ ስገባ መጀመሪያ የምናገረው "አሮጌውን እፈልጋለሁ" ነው። ይሄን የሰማ ሜካኒክ ያልተበላሸ ዕቃ ለመቀየር ሁለቴ ያስባል።

አሥራ ሦስት ቁልፍ፦

አባትህን አውቃቸው ይሆናል። ያቺ ደብተር እውነት ከሆነች እኔም ነገ ልገዛ ነው። እኔ ላይም የጠፋ ክሪክ ስንት ጊዜ ተለጥፏል።

ፈጣን መንገድ፦

ምን ያጨቃጭቃችኋል፣ አዳማ ወስዳችሁ አሠሩ።

የከዚራ ጥላ፦

ቴስታታዋን ጭኔ ላይ አድርጌ?

ቻርጅ አድርጉኝ፦

እኔ ከቤንዚን ተገላግያለሁ፣ ኤሌክትሪክ ነው የገዛሁት። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ሲከለከል ነው የቆረጥኩት። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ጓርኒሲዮን የለ። ግን ጋራዥ የለም ማለትም አይደለም። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ በርቶ አንድ ቦታ ወሰድኳት። ኮፈኑን ስከፍት ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ተሰበሰበ፣ ፎቶ አነሱ፣ አንዱ "ሞተሩ የት አለ?" አለ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሰው መጥተው ብርቱካንማዎቹን ገመዶች አዩና "ልጆች፣ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ይሄ ይገድላል" ብለው ኮፈኑን ዘጉት። ለእኔም "ልጄ፣ ይሄን አላውቀውም፣ የሚያውቅ ፈልግ" አሉኝ። አንድ ሳንቲም አልጠየቁም። ድሬ ውስጥ ካገኘሁት የጋራዥ አገልግሎት ምርጡ እሱ ነው።

እህተ ድሬ፦

"አላውቀውም" ያለ ሜካኒክ! አድራሻቸውን ስጠን እንጂ!

አሥራ ሦስት ቁልፍ፦

የከዚራ ጥላ፣ ከፈለግክ መኪናዋን ወደ እኔ አምጣት። ቴስታታውን ቶርኖ ቤት አብረን እንወስደዋለን፣ መጣመሙን በዓይንህ ታየዋለህ። አዲስ ቴርሞስታትና የራዲያተር ክዳን ግዛ፣ ቴርሞስታቱ ላይ 82 መጻፉን እይ። ለማየትና ለመመርመር አስከፍልሃለሁ፣ ይሄን አሁኑኑ እወቀው። ቀሪውን ዋጋ ካየሁ በኋላ በወረቀት። ጠዋት በሁለት ሰዓት ና፣ ከሰዓት ግን አትምጣ፤ ሰው ነኝ፣ እኔም እቅማለሁ። መኪናህ ውስጥ ግን አይደለም።

የከዚራ ጥላ፦

አድራሻህን በውስጥ ላክልኝ።

የከዚራ ጥላ፦

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ዛሬ ጎታች መኪና ይዤ ሄድኩ። እየጮህኩ አልነበረም፣ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ነው የሄድኩት (አሸዋ ሜዳ፣ ችሎት አዳሪ፣ ተባረኩ)። ከቀብዱ የተገዛ ዕቃ ካለ አምጡ ተባሉ፣ ምንም አልተገዛም። ግማሹን ብር እዚያው መለሱ፣ ለቀሪው ቀን ተቆረጠላቸው። ብሎኖቹን ስቆጥር የቴስታታ ብሎን አንድ ጎደለ። ረዳቱ "አለ፣ አለ" ብሎ ሮጠና ከጎኗ የቆመች ሌላ የተፈታች ቪትዝ ጣሳ ውስጥ እጁን ከትቶ ይዞልኝ መጣ። አስመለስኩት፣ ከዕቃ ቤት ገዝተው ይምጡ አልኩ፣ ገዝተው መጡ። የዚያች ቪትዝ ባለቤት ይሄን ካነበብክ ግን ሂድና ብሎንህን ቁጠር።

ባለ ሦስት እግር፦

ቀለሟ ምን ዓይነት ነው?

የከዚራ ጥላ፦

ብርማ። የኋላ መስታወቷ ላይ "ማሻአላህ" የሚል ተለጥፏል፣ የግራ ፍሬቻዋ ተሰብሯል።

ባለ ሦስት እግር፦

አቦ የወንድሜ ናት። ነገ ትደርስልሃለች ብለውታል። እየሄድኩ ነው።